የማሬ ፍሪጅና የላሜራ ክዳኖቹ

ማሬ ከኩዌት ስትመለስ ሻንጣዋ ሁለት ብቻ ነበር፤ ንቀቷ ግን ቢጫን አንድ አይሱዙ ይሞላ ነበር። ደብረ ታቦር መናኸሪያ ከሚኒባሱ እንደ ወረደች የሻርፗን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ግራ ቀኙን ተመለከተችና፣ ሊቀበሏት የመጡትን ዘመዶቿን ገና ሳትስም፣ «ይኸ ከተማ አሁንም እንደዚሁ ነው?» አለች። ዘመዶቿ እየሳቁ አቀፏት። ቀልድ መስሏቸው ነው።

ቀልድ አልነበረም። ማሬ የተወለደችው ከከተማው ወጣ ብሎ ጉና ሥር ካለ መንደር፣ ገብስና ድንች ከሚያመርት ቤት ነው። ወደ ዐረብ አገር የሄደችው ገና ልጅ እግር ሳለች ነበር፤ ስትመለስ በጉብዝናቸው የምታውቃቸው ወንዶች ራሳቸው ተመልጦ፣ እኩዮቿ ልጅ ድረው ቆዩዋት። ያን ሁሉ ዘመን የኖረችው አንዲት ማዳም ቤት ነው። ማዳሟ ክፉ የምትባል ሴት አልነበረችም፤ አትመታም፣ አትሳደብም፣ ምግብ አትከለክልም። ትንቃለች እንጂ። ማሬ ያጠበችውን ብርጭቆ በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ ብርሃን ታየዋለች፤ ከዚያ አንዲት ቃል ሳትናገር መልሳ ገንዳው ውስጥ ትከተዋለች። «ማሬ» ብሎ መጥራት ስለ ከበዳት «መርየም» የሚል ስም አወጣችላት። ሰውን ያለ ንግግር፣ በቅንድብ ብቻ፣ ከበር መመለስ እንደሚቻል ማሬ ያየችው ከዚያች ሴት ነው። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ሙያው በእጇ ገባ። መቼም የሰው ቤት ሥራ ሲለምዱ የእመቤቲቱን ጠባይም አብሮ መልመድ አይቀርም።

በዚያ ቤት ከማሬ በታች የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሾፌሩ ሰሊም። ሕንዳዊ ነው፤ ሸበቶ፣ ቀጭን፣ ልብሱ ዘወትር ዘይት የጠጣ፣ ምግቡን ጋራዡ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚበላ። ማሬ ሳህኑን በመስኮት ታቀብለዋለች እንጂ ሰላምታውን አትመልስም። ማዳም ማሬን ትንቃለች፣ ማሬ ሰሊምን ትንቃለች፤ ቤቱ በዚሁ ረግቶ ይኖር ነበር።

የዚያ አገር ብርድ ሲገባ ቤተሰቡ ወደ በረሃ ወጥቶ ድንኳን ውስጥ ይሰነብታል። ማሬና የማብሰያው ዕቃ የሚሄዱት ግን ቤት ባላት መኪና ነው። አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ የውኃ ቧንቧ አላት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ አላት። በረሃው ሲመሽ አጥንት ይሰብራል። ያን ጊዜ ሰሊም ከመኪናዋ ጎን፣ ከፍሪጁ ጀርባ በኩል፣ ላይና ታች ወዳሉት ሁለት የመተንፈሻ ወንፊቶች ይሄድና ነጫጭ የፕላስቲክ ክዳኖች ይገጥምባቸዋል። ማሬ በመስኮት ታየዋለች። ለምን እንደሚገጥማቸው ጠይቃው አታውቅም። ሰሊም ደግሞ ማን ሆኖ ይጠየቃል?

አገሯ ገብታ ጥቂት እንደ ሰነበተች ዘመድ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ ሱቅ ክፈቺ አላት፤ አንዱ ወፍጮ ትከዪ አላት። «ሱቅማ ማንም አለው፤ እኔን ከማንም ጋር ቆጠራችሁኝ?» አለች። አንድ ቀን ባሕር ዳር ወርዳ ሳለ፣ ቱሪስት ጠፍቶ ሥራ ከፈታ አስጎብኚ ድርጅት ግቢ ውስጥ፣ ዋርካ ሥር የቆመች መኪና አየች። ጎማዋ መሬት ሰርጓል፤ ወፍ ጣሪያዋን አበላሽቶታል። ማሬ ግን ገና ከሩቅ ለየቻት። ቤት ያላት መኪና ናት፤ በጎኗ ላይና ታች ሁለት ወንፊቶች አሏት። የዚያኑ ሳምንት ገዝታት ደብረ ታቦር አስገባች።

ሐሳቧ ቀዝቃዛ እርጎ፣ አይብና ለስላሳ ጭና ከገበያ ገበያ፣ ከንግሥ ንግሥ መዞር ነበር። ሰው በፀሐይ ተቃጥሎ ሲመጣ ከመኪናዋ መስኮት ላብ ያወጣ ብርጭቆ ትዘረጋለታለች፤ የት አባቱ አይቶት ያውቃል? ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ከተማው መኪናዋን «የማሬ ቤት» ብሎ ሰየማትና ሳቀ፤ ግን እየሳቀም ገዛ። ማሬ ሳቁን ሰምታለች። በሳቃቸው አልተናደደችም፤ ከማይረባ ሰው ሌላ ምን ይጠበቃል ብላ አለፈችው።

ለመኪናዋ ሾፌር ያስፈልግ ነበርና የእናቷን የአጎት ልጅ ፋንታውን ቀጠረች። ፋንታው ገጠር ለገጠር እህል ሲጭን የኖረ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠራርግና ወደ መሬት ያያል። ማሬ በመጀመሪያ የናቀችው ያንን የጉሮሮ ጠረጋ ነው። ቀጥሎ ጫማውን ናቀች፤ ቀጥሎ አበላሉን። «ይኸ ሰው መሪ ሲይዝ ሞፈር የያዘ ነው የሚመስለው» ትላለች እዚያው እየሰማት። እናቷ ወይዘሮ ብዙነሽ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ስለ ያዛቸው ከገጠር መጥተው ከእሷ ጋር ነበሩ፤ እንዲህ ስትል ሲሰሟት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ያደርጋሉ።

ገና አልፎ፣ ሰዉ ከጾም ወጥቶ እርጎ የሚፈልግበት ጊዜ ሲደርስ ፍሪጁ ለገመ። ውርጩ ከጉና እየወረደ ግቢው ያለውን ሣር በየሌሊቱ ነጭ ያደርገዋል፤ ጠዋት ባልዲ ላይ ያደረ ውኃ በስሱ በረዶ ሠርቶ ይገኛል። ፍሪጁ ግን በዚያ ሁሉ ብርድ መሐል ማቀዝቀዝ አቃተው። ላይኛው ክፍል ያለው በረዶ ቀልጦ ወደ ታች ይንጠባጠባል፤ ማሬ ሌሊቱን ሙሉ ጋዝ አቃጥላ ያሳደረችው እርጎ ሆምጣጣ ሆኖ ይነጋል። ወሬው በሰፈሩ ዞረ። «የማሬ ፍሪጅ እንደ ባለቤቱ ነው፤ አገር ምድሩ ሲበርደው እሱ ይሞቀዋል» ተባለ።

ፋንታው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ብርዱ ይሆን እንዴ ያበላሸው?» አለ።

«ብርድ ፍሪጅ ያበላሻል? እሳትም ውኃ ይጠጣል በለኝ እንጂ።»

ቃሉ ግን ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ በረሃው ትዝ አላት። ሰሊም በብርድ እጁን እያፋተገ ክዳኖቹን ሲገጥም ታያት። ለፋንታው ልክ ሳትሆን አትቀርም አላለችውም፤ ሞታ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ብየዳ ቤት ሄዳ ሁለቱን ወንፊቶች የሚያክሉ ሁለት ላሜራዎች አስቆረጠች። «ነፋስ የማያስገባ፣ ጠብ የማይል ይሁን» ብላ አዘዘች። ዳር ዳሩን የጎማ ቁራጭ አስለጠፈችበትና ወንፊቶቹ ላይ በብሎን አሰረቻቸው።

ፋንታው አጠገቧ ቆሞ ይመለከት ነበር። «ምንድን ናቸው እነዚህ?»

«የክረምት ክዳን ናቸው።»

ፋንታው ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። አንዲት ቁራጭ ደመና የለችም። «ክረምት እኮ ገና ነው» አለ።

«ክረምት የሚሉት ብርዱን ነው፤ ሰው በሚኖርበት አገር። የአንተ ክረምት ጭቃ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት እርጎው ቀዝቅዞ ተገኘ። በሦስተኛው ቀንማ በረዶው ተመልሶ ግግር ሠራ። ማሬ ያን ዕለት በራፏ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች፤ የሳቀባት ጎረቤት ሁሉ በፊቷ እንዲያልፍ ነው። ሲያልፉ ሰላም ይሏታል፤ እሷ ቅንድቧን ብቻ ታነሣለች። ከኩዌት ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። የሰዉን አለማወቅ እንደ ፀሐይ ሞቀችው። ሰሊም አንድ ጊዜ እንኳ በሐሳቧ አልመጣም፤ ክዳኖቹን እሷ የፈጠረቻቸው መስሏት ነበር።

ጥር ሲገባደድ፣ ዓቢይ ጾም ገብቶ የወተት ገበያ ሳይዘጋ፣ ወንዛዬ ልትወርድ ተነሣች። ወንዛዬ ፍል ውኃ ነው፤ በበጋ ከየአገሩ ሕመምተኛው፣ ጤነኛውም ጭምር፣ እየመጣ ይታጠብበታል። ገበያው ጥሩ ነው፤ የወይዘሮ ብዙነሽ ጉልበትም ሲጠዘጥዛቸው ከርሟል። እናቷን ከፊት አስቀምጣ፣ እርጎና ለስላሳውን ጭና፣ ፋንታውን «እንግዲህ ቀስ ብለህ፤ የምትጭነው ጤፍ አይደለም» ብላ አስነዳችው።

ዓለም በርን ሲያልፉ አየሩ ተለወጠ። ወረታ ሲደርሱ ሜዳው በሙቀት ይንቀጠቀጣል፤ ወይዘሮ ብዙነሽ ጋቢያቸውን ወደ ጭናቸው አወረዱ፤ ፋንታው መኪናዋን ዳር አስይዞ ካፖርቱን አወለቀ። ተመልሶ ከመግባቱ በፊት ጉሮሮውን ጠረገ።

«እነዚያን ክዳኖች ብናነሣቸውስ?»

«ለምን ሲባል?»

«እንጃ። እኛም ሙቀቱ በዛብንና ልብሳችንን አወለቅን። እሱም ሳይሞቀው አይቀርም ብዬ ነው።»

ማሬ ወደ እናቷ ዞረች። «ሰማሽው እማዬ? ፍሪጁን ካፖርት አልብሰነዋል።» ከዚያ ወደ ፋንታው ተመለሰች። «መሪህን ያዝ። ያልገባህ ነገር ውስጥ አትግባ።»

ፋንታው መሪውን ያዘ። እስከ ሐሙሲት፣ ከሐሙሲትም ተገንጥሎ እስከ ወንዛዬ ድረስ ነዳ።

ወንዛዬ ሲደርሱ ሰዉ በብዛት ነበር። ወይዘሮ ብዙነሽ ከሴቶቹ ጋር ገብተው ታጠቡ፤ ሲወጡ ፊታቸው ወዝቶ፣ ድምፃቸውም ከፍ ብሎ፣ ከደራ ወረዳ ከመጣች ትዕግሥት ከምትባል ሴት ጋር እየተጫወቱ ነበር። ከፍል ውኃ የወጣ ሰው ወዲያው ነፋስ እንዳይመታው ተሸፋፍኖ ጋደም ማለት አለበት። ለዚሁ የተሠራ ዳስ አለ፤ ሴቶቹ ምንጣፋቸውን አንጥፈው፣ ጎን ለጎን ተኝተው፣ ሲያወሩ ነው ላባቸው የሚወጣ።

«እኔም እዚሁ ከሴቶቹ ጋር ጋደም ልበል፤ ጨዋታም አለ» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ።

«እዚህ? እከካቸውን ልትካፈዪ ነው?» አለች ማሬ፤ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

ትዕግሥት ከተኛችበት ቀና አለች። «ውኃው ውስጥ እኮ አብረን ነው የነበርን እህቴ» አለቻት፤ በቁጣ አይደለም።

ማሬ ጀርባዋን ሰጠቻት። እናቷን ክንዳቸውን ይዛ ወደ መኪናዋ ወሰደችና ከኋላ ባለው አልጋ ላይ አስተኛቻቸው። ነፋስ እንዳይገባ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋች፤ ጣሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ መክፈቻም ደፈነች። ፍሪጁን ስትከፍተው እርጎው ለብ ብሏል። ተናደደችና የጋዙን መክፈቻ እስከ መጨረሻው አዙራ፣ በሩን ገጥማ ወጣች። ከውጭ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀድማ ያወጣችውን እርጎ መሸጥ ጀመረች።

አንድ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ቀምሰው ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ቀዝቃዛ ነው ብለሽኝ ነበር፤ ይኸማ ከምንጩ አይለይም» አሏት።

«እርስዎ ቀዝቃዛ ነገር የት ያውቁና ነው?» አለቻቸው። ሽማግሌው ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። እሷም በሆዷ፣ ለእነዚህ ዓይነት ሰዎች እርጎ ማምጣቴ ነው ጥፋቱ፤ አሬራ በቅል ባመጣላቸው ይበቃቸው ነበር አለች።

ብርጭቆ ሲያልቅባት ፋንታውን ወደ ውስጥ ላከችው። ፋንታው በሩን ከፈተ፤ ገባ፤ ወዲያው የሆነ ዕቃ ሲወድቅ ተሰማ። ብርጭቆ ሰበረ ብላ ልትጮህበት ስትዞር ወይዘሮ ብዙነሽን በሁለት ክንዱ ታቅፎ በሩ ላይ ቆሞ አየችው። የእናቷ ራስ ወደ ኋላ ተንጠልጥሏል፤ አፋቸው ዳር ትውከት አለ፤ አንድ እጃቸው እንደ ጨርቅ ይወዛወዛል።

«እናትሽ አይሰሙም» አለ ፋንታው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ተናገረ።

ሰዉ ተሰበሰበ። ምች ነው የሚል አለ፤ ውኃው ከብዷቸው ነው የሚል አለ፤ ጠበል ይረጩ የሚልም አለ። ማሬ መሬት ላይ ተንበርክካ «እማዬ፣ እማዬ» ከማለት በቀር ምንም አልቻለችም። የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ ያደረገችው ትዕግሥት ናት፤ አፋቸውን የጠረገችላቸውም፣ የቆመውን ሰው «ገለል በሉ፣ አየር ያግኙ» ያለችውም እሷው ናት። ማሬ ቀና ብላ አየቻት።

ፋንታው መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ፣ ወይዘሮ ብዙነሽን ከፊት በማሬ ደረት ላይ አስደግፎ ወደ ሐሙሲት ነዳ። ነፋሱ ፊት ለፊት እየመታቸው ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ አንዴ አስመለሳቸውና ዓይናቸውን ገለጡ። «ራሴን» አሉ። ማሬ ያን ጊዜ አለቀሰች። ፋንታው ወደ እሷ አልዞረም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻቸው ሠናይት የምትባል ነርስ ናት። የወይዘሮ ብዙነሽን ዓይን ገልጣ አየች፤ ትንፋሻቸውን አዳመጠች፤ ኦክስጅን ካደረገችላቸው በኋላ ወደ ማሬ ዞረች።

«ከሰል የተያያዘበት ዝግ ቤት ውስጥ ተኝተው ነበር?»

«ከሰል?» አለች ማሬ፤ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሐል እንኳ ቅንድቧ ተነሣ። «እኛ ከሰል ታቅፈን የምንተኛ እንመስላለን? የተኙት መኪና ውስጥ ነው። አልጋና ፍሪጅ ያላት መኪና ናት፤ ኩዌት ያሉት ዓይነት።»

ነርሷ ኩዌትን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። «እሳት የለም?»

«ፍሪጁ በጋዝ ነው የሚሠራ። ያ እሳት አይባልም።»

«ሌላ ያመመው ሰው አለ?»

ማሬ የለም ልትል አፏን ስትከፍት ፋንታው ከበሩ ዳር ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔን ሰሞኑን ኋላ ገብቼ ዕቃ ሳስተካክል ራሴን ይፈልጠኛል፤ ስወጣ ይተወኛል» አለ።

ማሬ ዞረችበት። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽስ ምን ትይኝ ነበር?» አለ ፋንታው።

ማሬ ፊቷን ወደ እናቷ አልጋ መለሰች። የምትለውን ታውቀዋለች። ስንፍናው ነው ትለው ነበር፤ ጠላው ነው ትለው ነበር፤ ባዶ ራስ እንዴት ይታመማል ብላም በሰው ፊት ታስቅበት ነበር።

ወይዘሮ ብዙነሽ ቀስ በቀስ ቀለም ተመለሰላቸው፤ ሲነጋ ሻይ ጠየቁ። ማሬ ያን ጊዜ ነው፣ ነርሷ «የታፈነ የጋዝ ጭስ መርዟቸው ነው» ያለቻት ከጆሮዋ ሳይወጣ፣ ወደ መኪናዋ ወጥታ የክዳኖቹን ብሎኖች የፈታችው። የላይኛው ላሜራ ውስጡ በጥቀርሻ ጠቁሯል፤ ጎማው ቀልጦ ወንፊቱ ላይ ተጣብቋል። ስለ ፍሪጁ የምትጠይቀው ሰሊምን ብቻ እንደ ሆነ ታውቃለች፤ የስልክ ቁጥሩን ግን ይዛ አታውቅም። ወደ ማዳም ደወለች።

«መርየም ነኝ» አለች በዐረብኛ።

«የትኛዋ መርየም?»

«ሐበሻዋ።»

«ሁሉም ሐበሻ ናቸው» አለች ማዳም፤ ድምፅዋ ውስጥ ክፋት የለም፤ የምር ልትለያት እየሞከረች ነው። ከማሬ በፊት የነበረችውም መርየም ትባል ነበር፤ አሁን ያለችውም መርየም ናት። ማሬ ያጠበቻቸውን ልጆች ስም ቆጥራ ነገረቻት። ማዳም «እሺ፣ እሺ» አለች፤ ማስታወሷ ግን አልታወቀም። ማሬ ሰሊምን እንድታገናኛት ስትለምናት አስጠርታ ስልኩን ሰጠችው።

ሰሊም ወዲያው አወቃት። ነገሩን ሁሉ ሳያቋርጣት ሰማ።

«የእኛው ክዳን ከላይ ቀዳዳ ነበረው፤ አላየሽውም?»

«አላየሁትም።»

«የጋዙ ጭስ የሚወጣው በዚያ ነው። ያን ከደፈንሽው ወደ ውስጥ ይመለሳል። ክዳኑ ራሱ ለብርድ ብቻ ነው፤ የፍሪጁ ጀርባ ሲቀዘቅዝ አይሠራምና ትንሽ ይሸፈናል። አየሩ ሲሞቅ ይነሣል፤ ካልተነሣ ፍሪጁም ይታፈናል፤ ሰዉም ይታፈናል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሳወልቃቸው በመስኮት ታዪኝ ነበር እኮ።»

«አይህ ነበር።»

«ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አለ ሰሊም። ወቀሳ አልነበረም፤ ስለ ፍሪጁ ሲናገር የነበረበት ድምፅ ነው። «እናትሽ ግን ዳኑ?»

«ድነዋል።»

«ሹክር ለአላህ» አለ። ማሬ አንድ ነገር ልትለው ፈለገች። ልጆች ይኑሩት አይኑሩት እንኳ አታውቅም፤ ምን ብላ ትጀምር? «በል ደኅና ሁን» ብላ ዘጋችው።

ደብረ ታቦር እንደ ተመለሱ ፋንታው መኪናዋን ግቢ አስገብቶ አጥፍቶ ቁልፉን ዘረጋላት። «ከእንግዲህ እኔ አልነዳትም» አለ።

«የት ልትሄድ? ማን ሊቀጥርህ?» አለችው። ልትለው የነበረው ይኸን አልነበረም፤ ቆይ ልትለው ነበር። አፏ ግን ለሌላው ቃል አልሠለጠነም።

ፋንታው ፈገግ አለ። «ሰው ባጣ ገብስ ማጨድ አያቅተኝም» ብሎ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። ወሩ ሳያልቅ የወረታ መስመር ሚኒባስ ይዞ ሲነዳ ታየ።

ወይዘሮ ብዙነሽም ጉልበታቸው ትንሽ እንደ ጠና ወደ ገጠር እመለሳለሁ አሉ። ማሬ ሐኪም ቅርብ ነው፣ አልጋ አለሽ፣ ምን ጎደለሽ ብላ ለመነቻቸው። «ምንም አልጎደለኝ ልጄ፤ እኔ ሰው ያለበት ቤት ነው የምፈልገው» አሉ። ጎረቤቱ ይኸን ሰምቶ «የናቁት ያደርጋል ራቁት» ሲል ከረመ። ማሬ በጎረቤቱ ተረት አልተናደደችም። የእናቷ ቃል ግን ሌት ተቀን ይመላለስባት ጀመር፤ ሰው የሌለበት ቤት ማለታቸው ነውና፣ እሷስ ማን ናት?

ቀጥሎ ያደረገችው ነገር ጥቂት ነው። ብየዳ ቤት ሄዳ በላይኛው ላሜራ ላይ ሰፊ ቀዳዳ አስበሳች፤ የቀለጠውን ጎማ አስነቀለች። መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ማሠልጠኛ ገባች፤ እዚያ ግማሽ ዕድሜዋን የማያክል አሠልጣኝ «እትዬ፣ ፍሬን በየትኛው እግር ነው?» እያለ በተማሪዎቹ ፊት አሳቀባት። ጥርሷን ነክሳ ተማረች። ውርጭ ሲሆን ክዳኖቹን ትገጥማለች፤ ወደ ቆላ ስትወርድ ዓለም በር ላይ ቆማ በገዛ እጇ ታወልቃቸዋለች፤ መንገደኛው ይኸች ሴት ዘወትር እዚህ ቦታ ቆማ ምን ትፈታለች እያለ ያያታል። መኪናዋ ውስጥ ፍሪጁ እየነደደ ሰው አታስተኛም። ጣራ ገዳም ለንግሥ ስትሄድም እርጎዋ ከሁሉ በፊት ያልቃል። ሥራው ተቃናላት ማለት ይቻላል። ሰው ግን ገዝቶ ይሄዳል እንጂ አጠገቧ አይቆምም፤ እሷም እንዲቆም የምታደርገው ነገር የለም።

በዓመቱ፣ ወንዛዬ የሚሞላበት ወራት ሲደርስ፣ ወይዘሮ ብዙነሽ ከመንደራቸው ሴቶች ጋር በአውቶቡስ ወረዱ። ማሬ በመኪናዬ ልውሰድሽ ብትላቸው እምቢ ብለዋታል። እሷም ሥራ ነው ብላ በዚያው ቀን ወረደች። መኪናዋን ከዳሱ ፊት ለፊት ዛፍ ጥላ ሥር አቆመች፤ ክዳኖቹ ወልቀው መቀመጫው ሥር ተቀምጠዋል፤ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው። እናቷ ከሴቶቹ ጋር ታጥበው፣ ተኝተው፣ ላባቸውን አውጥተው ሲነሡ ከሩቅ አየቻቸው። ይሥቃሉ።

ከእናቷ ጋር የመጣች አንዲት የመንደር ሴት ወደ መስኮቱ ቀርባ እርጎ ገዛች። አንድ ጊዜ ጎንጨት እንዳለች ጉንጯን ይዛ ፊቷን አኮማተረች። «ኧረ ይኸስ ጥርስ ይሰብራል፤ በጣም ቀዝቅዟል» አለች።

ማሬ ቅንድቧ ሲነሣ ታወቃት። ልታቆመው አልቻለችም። «ታዲያ ፀሐይ ላይ አቆዪዋ» አለቻት።

ሴትዮዋ ቅር አልተሰኘችም። ብርጭቆዋን ይዛ ሄደችና ፀሐይ ላይ፣ ከወይዘሮ ብዙነሽ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እርጎው እስኪለዝብ ሁለቱ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ማሬ በመስኮቱ ጥቂት አየቻቸው። ከዚያ ሌላ ሰው ገንዘብ ዘረጋላትና ፍሪጁን ልትከፍት ጎንበስ አለች።